በግድግዳ ውስጥ ስለ ተሰወረው ሽቦ



ሰው ቤት ሲሠራ ወይም ሲያድስ ለዐይን የሚታየውን ነገር አብዝቶ ይመርጣል። በሩ ከምን እንጨት እንዲሠራ፣ ግድግዳው ምን ቀለም እንዲቀባ፣ መጋረጃው ምን ዓይነት እንዲሆን ባልና ሚስት ብዙ ቀን ይመካከራሉ፤ ዘመድ ወዳጅም ይጠየቃል። በግድግዳው ውስጥ ስለሚያልፈው የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን አጥብቆ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ሽቦው ተሰውሮ የሚኖር ነገር ስለ ሆነ፣ አምፖሉ እስከ በራ ምጣዱም እስከ ጋለ ድረስ ሁሉ ነገር በደኅና ያለ ይመስለናል። እኛም እንዲሁ ይመስለን ነበር። በዚህ ወር ስለዚሁ ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣን በገዛ ቤታችን የደረሰ ነገር ነውና፣ ሌላውን ከመምከራችን በፊት ራሳችንን መውቀስ ይገባናል።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት በጓሮ ያለችውን ማድ ቤታችንን አደስን። ለኤሌክትሪኩም ሥራ ሁለት ሰዎችን ጠየቅን። አንደኛው ቤቱን ዞሮ አይቶ፣ ብዙ ነገርም ጠይቆ፣ የእጁን ዋጋ 4,000 ብር አለን። ሁለተኛው ከደጃፍ ቆሞ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ተመለከተና «ይህማ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ 1,500 ብር ይበቃኛል» አለ። እኛም ልዩነቱን አስልተን፣ በሚተርፈው ገንዘብ ለልጆች ደብተር እንገዛበታለን ብለን ሁለተኛውን ቀጠርን። እርሱም እንዳለው በግማሽ ቀን ጨርሶ ሄደ። አምፖሉ በራ፤ ምጣዱም ጋለ፤ እኛም አመስግነን ከፈልነው።

ከሦስት ወር በኋላ ባለቤታችን «ሊጥ ሳፈስ ምጣዱ ይነዝረኛል» አለችን። እኛም የተማሪዎችን ፈተና እናርም ነበርና ከወረቀቱ ቀና ሳንል «እግርሽ እርጥብ ስለ ሆነ ነው፤ ጫማ አድርጊ» ብለን መለስንላት። ሌላም ጊዜ ነገረችን፤ ሌላም ጊዜ ያንኑ መለስንላት። በመጨረሻም መናገሩን ትታ፣ አንድ ደረቅ ሣንቃ ፈልጋ በምጣዱ ፊት መሬት ላይ አጋደመችና እርሱን ረግጣ ትጋግር ጀመር። ይህንንም ባየን ጊዜ «እንኳን መላ አገኘሽ» ማለታችን ዛሬ ያሳፍረናል።

በ2015 ዓ.ም. በቀዳም ሥዑር ለፋሲካ እንጀራ ሲጋገር፣ የዐሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጃችን እናቷን ልታግዝ ሰፌድ ይዛ በባዶ እግሯ ገባች። ሣንቃው የሚበቃው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ልጅቱም እጇን በምጣዱ ብረት ጠርዝ ላይ ባሳረፈች ጊዜ ጮኸች፤ እጇንም ማላቀቅ አልቻለችም። ታላቅ ወንድሟ ሮጦ ብሬከሩን ባያወርደው ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ልብ አይኖረንም ነበር። እግዚአብሔር ጠበቃት፤ በመዳፏ ላይ ትንሽ ቃጠሎ ብቻ ቀረ፤ ሐኪምም ልቧን መርምሮ ደኅና ናት አለን። በዚያች ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባለቤታችን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «በትምህርት ቤት ለሰው ልጆች የምታስተምረውን ለእኛ ነፈግኸን» አለችን። የምንመልሰው አልነበረንም።

ከበዓሉ በኋላ፣ አስቀድሞ ዋጋው በዛ ብለን የተውነውን ባለሙያ አፍረን ጠራነው። እርሱም ግድግዳውን ከፈተ። ከምጣዱ የሚመጣው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ፣ ማለት የመሬት ሽቦ የሚባለው፣ ከምንም ጋራ ሳይገናኝ ጫፉ ተቆርጦ በናስትሮ ተጠቅልሎ ተገኘ። ለምጣዱ የተዘረጋውም ለአምፖል የሚሆነው ቀጭኑ ሽቦ ነበር፤ ልባሱ ከሙቀት ብዛት ጠቁሮ እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰባበር ነበር። ባለሙያውም እያሳየን «መምህር፣ ይህ ባለቤቱ የግድግዳውን ውስጥ አያይም ብሎ የሠራ ሰው ሥራ ነው» አለ። እኛ ግን ጥፋቱን ከዚያ ሰው ጋራ በልባችን ተካፈልነው። ሽቦው ለብዙ ወር ሲናገር ነበር፤ ባለቤታችንም ሰምታው ነበር፤ እርስዋን ያልሰማናት እኛ ነን።

በዚህ ወር ልናሳስብ የምንወደው ዋና ነገር ይኸው ነው። የቤት ኤሌክትሪክ ብዙውን ጊዜ ከመጉዳቱ በፊት ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን አስቀድሞ የሚያገኘው ግን ለባለሙያው የሚከፍለው አባወራ አይደለም፤ በማድ ቤት የምትውለው እናት፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ በየጥጋጥጉ የሚጫወተው ሕፃን ናቸው። እነርሱም ሰሚ ሲያጡ ጉድለቱን ለምደውት ይኖራሉ።

አገራችን ኤሌክትሪክ ለማግኘት ብዙ ደክማለች። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ የሚያመነጨው 43 ሜጋ ዋት ያህል ነበር፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ይህ ሁሉ ኀይል ተራራና ሸለቆ አቋርጦ መጥቶ፣ በ220 ቮልት ልክ ዝቅ ተደርጎ ወደ ቤታችን ይገባል። እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ግን የባለቤቱ ኀላፊነት ነው። ስለዚህ ስለ ታላቁ ግድብ ደስ ሲለን፣ በገዛ ጣራችን ሥር ያለውን የጥቂት ሜትር ሽቦ መርሳት አይገባንም።

ኮረንቲ ሰውንና ቤትን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው በሙቀት ነው፤ ሁለተኛው በሰው አካል ውስጥ በማለፍ ነው።

ስለ ሙቀቱ አስቀድመን እንናገር። ኮረንቲ ያለፈበት ሽቦ ሁሉ ይሞቃል። ኮረንቲው እጥፍ በሆነ ጊዜ ሙቀቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል የሚወስድ ቢሆን፣ ይህን ለ220 ቮልት ብናካፍለው 16 አምፔር ያህል ይሆናል። 2,000 ዋት የሚወስድ የውኃ ማፍያ 9 አምፔር፣ እንዲሁም 2,000 ዋት የሚወስድ የወጥ ምድጃ ሌላ 9 አምፔር ይጠይቃሉ። በበዓል ዋዜማ ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ ቢለኰሱ ድምሩ 34 አምፔር ነው። ባለ 9 ዋቱ አምፖል ግን የአንድ አምፔር ሃያኛ እጅ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ለአምፖል የተዘረጋ ሽቦ ምጣድ እንዲሸከም ማድረግ፣ በሕፃን ጫንቃ ላይ የጤፍ ኩንታል እንደ መጫን ነው።

በዚህ ምክንያት ባለሙያዎች የሽቦውን ውፍረት እንደ ሸክሙ ይለያሉ። በመኖሪያ ቤት እንደ ተለመደው ለመብራት መስመር 1.5፣ ለሶኬት መስመር 2.5፣ ለምጣድ ደግሞ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ይዘረጋል። የምጣዱም መስመር ከብሬከሩ ሣጥን ተነሥቶ ማንንም ሳይጋራ ለብቻው መሄድ ይገባዋል። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ራቅ ያለ እንደ ሆነም ሽቦው ከዚህ መወፈር ያስፈልገዋል።

ብሬከር የሚባለው የሽቦው ዘበኛ ነው፤ ከልኩ በላይ የሆነ ኮረንቲ ሲመጣ መስመሩን ይቆርጣል። ስለዚህ ልኩ የሚወሰነው ከሽቦው ጋራ ተመዛዝኖ ነው። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወድቅ ምክንያቱን መመርመር ሲገባ፣ «ይህ ብሬከር አስቸገረን» ብሎ በትልቅ መለወጥ በብዙ ቤት የተለመደ ስሕተት ነው። ይህ ዘበኛው ሌባ አየሁ ብሎ በጮኸ ቁጥር አፉን እንደ መለጎም ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ የሚጮኸው እሳቱ ራሱ ነው።

ቀጭን ሽቦ ብቻ ሳይሆን የላላ መገናኛም እሳት ያመጣል። ሁለት ሽቦዎች በእጅ ተጠምዘው በናስትሮ ብቻ ተጠቅልለው ቢቀሩ፣ ከጊዜ ብዛት ይላላሉ፤ በላላው ሥፍራ ሙቀት ይጠራቀማል፤ ብልጭታም ይነሣል። ኮርኒሱ ከጨርቅ ወይም ከማዳበሪያ ጆንያ የተሠራ ከሆነ ደግሞ፣ አንዲት ብልጭታ ለቤቱ ሁሉ ትበቃለች።

ወደ ሁለተኛው ጉዳት እንለፍ። ከ30 ሚሊ አምፔር የበለጠ ኮረንቲ በደረት በኩል ቢያልፍ የልብን ምት አናውጦ ሊገድል ይችላል። የቀድሞው ባለ 60 ዋት አምፖል ብቻውን የሚወስደው 270 ሚሊ አምፔር ያህል ነበር፤ ይኸውም ከተናገርነው ልክ ዘጠኝ ጊዜ ይበልጣል። እንግዲህ ሰውን ለመጉዳት የፋብሪካ ኀይል አያስፈልግም። ባዶ እግር፣ እርጥብ መሬት፣ ሊጥ የነካ እጅ ሲገናኙ ደግሞ መንገዱ ይበልጥ ይከፈታል። ማድ ቤት ከቤት ክፍሎች ሁሉ አብልጦ የሚያሠጋው ስለዚህ ነው።

የመሬት ሽቦ ለዚህ የተዘጋጀ መከላከያ ነው። በምጣዱ ውስጥ ያለው የሚግለው ሽቦ ተበጥሶ ብረቱን ቢነካ፣ ኮረንቲው በሰው አካል ፈንታ በመሬት ሽቦ አድርጎ፣ በግቢው ውስጥ በተቀበረው ዘንግ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ከዚህም ጋራ አንድ ሌላ ጠባቂ አለ፤ የሚወጣውንና የሚመለሰውን ኮረንቲ እያስተያየ፣ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ልዩነት ባየ ጊዜ ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ መስመሩን የሚቆርጥ ልዩ ብሬከር ነው። ተራው ብሬከር ሽቦውን ሲጠብቅ ይህኛው ሰውን ይጠብቃል። በላዩ ላይ «ቲ» የሚል የላቲን ፊደል የተጻፈበት መሞከሪያ አለው፤ እርሱን በወር አንድ ጊዜ ተጭኖ መቁረጡን ማየት ያስፈልጋል። እኛ እንዳንረሳው ወር በገባ በልደታ ቀን እንሞክረዋለን። ይህ ጠባቂ በቤታችን ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ልጃችን ያን ያህል ባልጮኸች ነበር።

አሁን ደግሞ ቤት የሚሰጣቸውን ምልክቶች እንቍጠር። ምጣድ፣ ማቀዝቀዣ ወይም የውኃ ቧንቧ ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ፤ ሶኬቱ ወይም ስፒናው ሲነካ የሚሞቅ፣ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ከሆነ፤ የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስል ሽታ ከግድግዳ ከመጣ፤ ምጣድ ሲለኰስ የቤቱ መብራት የሚፈዝ ከሆነ፤ ማብሪያው ሲነካ የሚንጣጣ ድምፅ ካለው፤ ብሬከሩ ያለ ምክንያት የሚወድቅ ከሆነ፤ በኮርኒስ ላይ አይጥ የሚመላለስ ከሆነ፣ ሽቦው እየተናገረ ነውና ባለሙያ ይጠራ። በቆርቆሮ ግድግዳ ወይም ጣራ ላይ ተለጥፎ የሚያልፍ ሽቦ ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባል። የቆርቆሮው ስለት ልባሱን በልቶ የዘለቀ እንደ ሆነ ጣራው ሁሉ፣ ከጣራው ጋራ የታሰረው የልብስ ማስጫ ሽቦም ጭምር ኮረንቲ ይይዛል። በዚያ ላይ እርጥብ ልብስ የምታሰጣ ሴት ምን እንደሚደርስባት መናገር አያሻም።

እንግዲህ ባለሙያ እንዴት ይመረጣል? ከጥፋታችን የተማርነውን እንናገራለን።

በመጀመሪያ፣ የሠራባቸውን ቤቶች ጠይቁ። በሙያ ትምህርት ቤት የተማረ፣ የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫ ያለው ከሆነ ወረቀቱን እንዲያሳያችሁ ያለ ኀፍረት ጠይቁት፤ በሥራው የሚተማመን ሰው በዚህ አይቀየምም። ነገር ግን ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ከአንድ ዓመት በፊት ወደ ሠራበት ቤት ሄዳችሁ ያችን ቤት የምታስተዳድረውን እመቤት ጠይቋት። የአንድ ቀን ሥራ ሁሉ መልካም ይመስላል፤ ሥራን የሚመሰክርለት ዓመት ነው።

ሁለተኛ፣ ሰውዬው ዋጋ ከመናገሩ በፊት ምን እንደሚጠይቅ አስተውሉ። ያ ኋላ የጠራነው ባለሙያ በመጀመሪያ ቀን የጠየቀን «በበዓል ዋዜማ በዚህ ቤት ምን ምን በአንድነት ይለኰሳል?» ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ጥያቄው የቦዘኔ ጥያቄ መሰለን፤ አሁን ግን የጥያቄዎች ሁሉ ራስ እርሱ እንደ ነበረ ገባን። የቤት ሸክም የሚለካው በዘወትር ቀን ሳይሆን ምጣዱም ምድጃውም በአንድ ላይ በሚነዱበት ቀን ነውና። ሳይጠይቅና ሳይለካ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው የሚሸጥላችሁ ሥራውን ሳይሆን ፍጥነቱን ነው።

ሦስተኛ፣ የዕቃውን ዝርዝር በወረቀት አስጽፉ፤ የሽቦው ውፍረት፣ የብሬከሩ ልክ፣ የሶኬቱ ብዛት፣ የመሬቱ ዘንግ ሁሉ ይጻፍ። የዕቃው ዋጋና የእጁ ዋጋም ይለይ። ከተቻለ አብራችሁ ሄዳችሁ ግዙ። በገበያ ላይ ውጭው መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ ግን አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ ይገኛል፤ ጫፉን በቢላዋ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ ነጭ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለው ሽቦ እንደ መዳብ አይሸከምም፤ በዋጋው ርካሽነት መደሰትም አይገባም።

አራተኛ፣ ሥራው ከመሸፈኑ በፊት እዩ። ግድግዳው ሳይለሰን፣ የመገናኛው ሣጥን ሳይከደን፣ ባለሙያው እያንዳንዱን እንዲያሳያችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ። ሽቦው በቱቦ ውስጥ ማለፉን፣ መገናኛው በማያያዣ መጥበቁን፣ ቀለሙ መለየቱን ተመልከቱ። አረንጓዴና ቢጫው ለመሬት ሽቦ ብቻ የተለየ ቀለም ነው፤ ሰማያዊው ለኒውትራል ነው፤ ፌዙ በሌላ ቀለም ይሆናል። የመብራት ማጥፊያ የሚቆርጠው ፌዙን ሊሆን ይገባል። በስሕተት ኒውትራሉን የሚቆርጥ ከሆነ አምፖሉ ይጠፋል፤ ነገር ግን መያዣው ኮረንቲ እንደ ያዘ ይቀራል፤ አጥፍቻለሁ ብሎ አምፖል የሚለውጠውን ሰው የሚያታልለው ይህ ነው። የሠራውን ሁሉ ፎቶግራፍ ማንሣትም መልካም ነው፤ ኋላ ምስማር ለመምታት ሲፈለግ ሽቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ ይታወቃል።

አምስተኛ፣ ሳይፈተን የመጨረሻውን ክፍያ አትክፈሉ። ከዋጋው ጥቂቱን አስቀርታችሁ፣ ባለሙያው በመለኪያው የመሬት ሽቦውን መገናኘት ከምጣዱ ብረት እስከ ዘንጉ ድረስ እንዲያሳይ፣ የሰው ጠባቂውን ብሬከር በፊታችሁ እንዲሞክር፣ ምጣዱንም ለአንድ ሰዓት ያህል አግሎ ሽቦውና ሶኬቱ አለመሞቃቸውን እንዲመረምር ጠይቁ። ይህን ሁሉ ደስ ብሎት ያደረገውን ሰው ግን ዋጋውን ሳትጎትቱ ክፈሉት፤ ምሳም ጋብዙት። መልካም ባለሙያ በሠፈር ውስጥ መኖሩ ለጎረቤት ሁሉ በረከት ነውና፣ ዋጋውን በመንቀፍ ወደ ክፉ ሥራ አንግፋው።

ሽቦው በደኅና ከተሠራም በኋላ የዘወትር ጥንቃቄ አይቀርም። በአገራችን ከሁሉ አብልጦ የሚያሠጋው መብራት በጠፋ ጊዜ የሚደረገው መርሳት ነው። እንጀራ እየተጋገረ መብራት ይጠፋል፤ ጋጋሪዋ ማጥፊያውን ሳትመልስ ወደ ሌላ ሥራ ትሄዳለች፤ ቤተ ሰቡም ለልቅሶ ወይም ለማኅበር ይወጣል። በዚህ መካከል መብራቱ ይመጣና ምጣዱ በባዶ ቤት ሲግል ይውላል። ስለዚህ መብራት በጠፋ ጊዜ ምጣድ፣ ምድጃና ካውያ ይነቀሉ፤ የምጣዱም ብሬከር ይውረድ። ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥንም ይነቀሉ፤ መብራቱ ሲመለስ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ይሻላል።

በአንድ ዲቫይደር ላይ ምጣድና ምድጃ አይሰካ፤ በዲቫይደር ላይ ሌላ ዲቫይደር መቀጠልም የቆየ ክፉ ልማድ ነው። ሽቦ በምንጣፍ ሥር አይለፍ። ለጎረቤት ወይም ለተከራይ መስመር ማካፈል የግድ ከሆነ፣ ደግነታችን በአጥር ላይ በተንጠለጠለ ቀጭን ሽቦ እንዳይሆን፣ በልኩ ሽቦና በራሱ ብሬከር ባለሙያ ይሥራው። ለሰርግም ሆነ ለተዝካር ድንኳን ሲጣል የሚዘረጋው ሽቦ ሰው በሚረግጠው እርጥብ መሬት ላይ አይንጋለል።

አደጋ ከደረሰስ? ኮረንቲ የያዘውን ሰው በባዶ እጅ መንካት ሁለት ሰው ማጣት ነው። መጀመሪያ ብሬከሩ ይውረድ። ይህ የማይቻል ከሆነ ብቻ፣ በደረቅ ሣንቃ ላይ ቆሞ በደረቅ የመጥረጊያ እንጨት ሽቦውን ከሰውዬው ማራቅ ይገባል። ከዚያ በኋላ መተንፈሱ ይታይ፤ ካልተነፈሰ ልቡን ማሸት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይጀምር፤ ሌላውም ሐኪም ይጥራ። ደኅና የመሰለውም ቢሆን በሐኪም ሳይታይ አይቅር። እሳት ከተነሣ አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት በጊዜ መድረስ መልካም ነው፤ ነገር ግን ኮረንቲ ሳይቆረጥ ውኃ መድፋት ኮረንቲውን ወደ ራስ መጥራት ነው። ብሬከሩን አውርዱ፤ እሳቱ ትንሽ ከሆነ ደረቅ አፈር ወይም አሸዋ አልብሱት፤ ካየለ ግን ልጆችን ይዛችሁ ውጡ። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ጥሪ በ939 ነው፤ ከቆጣሪው ወዲያ ስላለው መስመር ብልሽት ደግሞ የኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ይጠራል። ሁለቱንም ቍጥሮች ልጆች በሚያዩት ሥፍራ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ።

በማድ ቤታችን ዛሬ ምጣዱ በራሱ መስመር ላይ ነው፤ የመሬት ሽቦውም ከዘንጉ ጋራ ተገናኝቷል። ልጃችንም እናቷን ስታግዝ አትፈራም። ያ ሣንቃ ግን አልተጣለም፤ በጥግ ቆሟል። ባለቤታችን ልትፈልጠው ባለች ጊዜ እኛ ነን የከለከልናት፤ ፈተና ስናርም ሰው ሲያናግረን ከወረቀቱ ቀና እንድንል ያስታውሰናልና።

እናንተም ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ መጽሔቱን አስቀምጣችሁ ወደ ማድ ቤት ግቡ። እዚያ የሚውለውን ሰው፣ እናትም ትሁን፣ እኅትም ትሁን፣ የቤት ሠራተኛም ትሁን፣ «የሚነዝርሽ፣ የሚሸትሽ፣ የምትፈሪው ነገር አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም ቆማችሁ ስሙ። በቤታችሁም ሣንቃ ረግጦ የሚሠራ ሰው ካለ ነገ አትበሉ፤ ባለሙያ ጥሩ።

በሚመጣው ወር እስክንገናኝ ድረስ ቸር ያሰማን።